ምዕራፍ 6፦ አንድ ተራ ስንት ያወጣል?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእህቴ ልጅ ጋር ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠናል። ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ጥቂት ነው፦ አንድ ሰፋሪ፣ አንድ ጦረኛ፣ ዙሪያውን ገና ያልታየ አገር። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 4000 ዓመት ነው። ሰፋሪው የቆመው ወንዝ ዳር፣ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ከእሱ በስተሰሜን፣ እዚያው ወንዝ ዳር፣ አንድ ጉብታ አለ። የመጀመሪያውን ከተማ የት እንቆርቁር?

“እዚሁ ይሁን” አልኩት። “ውኃው አለ፣ ግጦሹ አለ። ጊዜ ለምን እናባክናለን?”

“አይ ጋሼ፣ ጉብታው ይሻላል።”

“በምን ይሻላል?”

“በቃ ይሻላል። ጎበዝ ተጫዋቾች ሁሉ ጉብታ ላይ ነው የሚቆረቁሩት።”

“ሌላው ስላደረገው ብቻ አልቀበልህም። ስንት ተራ እንደምናተርፍ ንገረኝ።”

ዝም አለ። ትንሽ አሰበና ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳ። ይህ ምዕራፍ የሚተርከው ስለዚያች ቅጽበት ነው፤ አንድ ተጫዋች “ይሻላል” ማለቱን ትቶ መቁጠር ስለሚጀምርባት ቅጽበት።

የምንጫወተው ሲቪላይዜሽን የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ስድስተኛውን እትም ነው። ተጫዋቹ አንድን ሕዝብ ከመጀመሪያዋ መንደር ተነሥቶ እስከ ጠፈር ጉዞ ዘመን ይመራል። ጨዋታው እንደ ዳማ ተራ በተራ ነው። እኔ የማደርገውን አድርጌ ተራዬን እስክለቅ ድረስ ዓለም ቆማ ትጠብቀኛለች። በመደበኛው ፍጥነት ሙሉው ጨዋታ 500 ተራ አለው፤ በመጀመሪያው ዘመን አንዱ ተራ 40 ዓመት ሆኖ ይቆጠራል። መሬቱ ባለስድስት ጎን በሆኑ ቤቶች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ቤት እንደ አፈሩና እንደ አቀማመጡ ምግብ፣ ምርት፣ ወርቅ ወይም ሌላ ፍሬ ይሰጣል። ምግብ ሕዝቡን ያበዛል፤ ምርት ደግሞ ከተማው የሚሠራውን ነገር ሁሉ ያፋጥናል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ሜዳው ላይ ብንቆረቁር የከተማው መሐል 2 ምግብና 1 ምርት ይሰጠናል። ጉብታው ላይ ከሆነ 2 ምግብና 2 ምርት ይሰጣል። ቤተ መንግሥቱ በሁለቱም ቦታ 2 ምርት ይጨምራል። የመጀመሪያው ዜጋ በአቅራቢያው ባለ ደናማ ኮረብታ ላይ ተሰማርቶ ሌላ 2 ያመጣል። ስለዚህ ሜዳው በየተራው 5 ምርት ሲሰጥ ጉብታው 6 ይሰጣል። ዋጋውም ግልጽ ነው፦ ዳገት መውጣት የሰፋሪውን የተራውን ጉልበት በሙሉ ስለሚጨርስ፣ ከተማው የሚቆረቆረው በሁለተኛው ተራ ይሆናል። አንድ ተራ እንከፍላለን ማለት ነው።

ምን እናገኝበታለን? መጀመሪያ አገሩን የሚሰልል ቃፊር እንሠራለን፤ 30 ምርት ይፈጃል። ቀጥሎ ሁለተኛውን ከተማ የሚቆረቁር ሰፋሪ እንሠራለን፤ እሱ 80 ይፈጃል። የሕዝቡን ዕድገት ለጊዜው ወደ ጎን ብንተው፣ ቃፊሩ በሁለቱም ቦታ እኩል በ6ኛው ተራ ይወጣል፤ የባከነችው ተራ እዚያ ላይ ተከፍላ አልቃለች። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። ሜዳው ላይ 110 ምርት ለማጠራቀም 22 ተራ ያስፈልጋል። ጉብታው ላይ 19 ይበቃል፤ የተከፈለችውን አንድ ስንደምርበት 20። ሰፋሪያችን 2 ተራ ቀድሞ መንገድ ይጀምራል።

“ሁለት ተራ ለምን ይጠቅማል?” አልኩት፤ መልሱን ከራሱ አፍ መስማት ፈልጌ።

“ጎረቤታችን ቀድሞ ከደረሰ ያ ቦታ አለቀለት፤ አጠገቡ እንኳ መቆርቆር አይቻልም።”

ትክክል ነው። በዚህ እትም ሁለት ከተሞች መሐላቸው ቢያንስ ሦስት ቤት ካልተተወ አይቆረቆሩም፤ አንድ ቦታ የቀደመ ሰው ዙሪያውንም ይዘጋል። በከፍተኛው የክብደት ደረጃ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚመራቸው ሕዝቦች እኛ በአንድ ሰፋሪ ስንጀምር እነሱ በሦስት ይጀምራሉ። እዚያ ላይ ሁለት ተራ ማለት ወንዝ ያለው ሸለቆ የእኛ ይሁን ወይስ የሌላ የሚለውን የሚወስን ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ክርክራችን ሌላ ክርክር ሆነ። “ጉብታው ይሻላል” ሲለኝ ልመልስለት የምችለው ነገር አልነበረም፤ ወይ አምነዋለሁ ወይ አላምነውም። “በ20ኛው ተራ ሰፋሪ ይወጣል” ሲለኝ ግን የምይዘው ነገር አገኘሁ። “ሜዳው አጠገብ ላሞች አሉ፤ ሕዝባችን ቶሎ ይበዛል፤ እሱን ቆጥረኸዋል?” ማለት ቻልኩ። በጨዋታው ዓለም ምክር ዋጋ የሚኖረው በተራ ሲተመን ነው። ያልተተመነ ምክር ምርጫን ይነግረናል፤ የተተመነ ምክር ግን ሊታረም ይችላል። ሊታረም የሚችል ምክር ደግሞ ሁለት ሰዎች አብረው የሚያሳድጉት ነገር ይሆናል።

ከሁለት ሰዎች ንግግር የተወለደ ጨዋታ

ይህ ጨዋታ ራሱ የተሠራው በእንዲህ ያለ ንግግር ነው። ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሲድ ሜየር እ.ኤ.አ. በ1982 ከቢል ስቴሊ ጋር ማይክሮፕሮዝ የተባለውን ድርጅት በሜሪላንድ መሠረተ። በ1990 አካባቢ ሲቪላይዜሽንን ሲጀምር አብሮት የሠራው ብሩስ ሼሊ ነበር። ሼሊ ቀደም ሲል በባልቲሞሩ አቫሎን ሂል፣ በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱ የስልት ጨዋታዎችን በሚያሳትመው ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ሜየር የፕሮግራሙን ኮድ ይጽፋል፤ ሼሊ የተጻፈውን ይጫወተዋል፤ ከዚያ ተቀምጠው ምን ደስ እንዳሰኘ፣ ምን እንዳሰለቸ ይነጋገራሉ። ሜየር ያንን ይዞ ይመለስና ያርመዋል። በዚህ ምልልስ ተጠርቦ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ወጣ።

ከሁሉ ትልቁ እርማት የተደረገው በጊዜው አፈሳሰስ ላይ ነው። ሜየር መጀመሪያ የሞከረው፣ በ1989 የወጣውን ሲም ሲቲን ተከትሎ፣ ጊዜው ሳይቆም የሚፈስበትን ጨዋታ ነበር። እንዲያ ሲሆን ተጫዋቹ ከመወሰን ይልቅ ተቀምጦ ተመልካች ሆነ። ስለዚህ ያንን ትቶ ጨዋታውን ተራ በተራ አደረገው።

የዚህን ለውጥ ትርጉም ለመረዳት የእኛው የጥንቱ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ክፍል አለ። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እጃቸው እንደፈጠነ፣ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ነው። በወረራው ጊዜ እጅና ዓይን ይሠራሉ። ተራው ሲመጣ ግን ቦታ ለአሳብ ይለቀቃል፤ አሳብ ባለበት ደግሞ አፍ ይከፈታል። መንገድ ዳር በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ሰዎችን ከብቦ የሚቆመው ሰው የሚመክረው፣ የሚከራከረው፣ “እሷን አትንካ” የሚለው ጨዋታው ተራ ስላለው ነው። ሜየር ጊዜውን ባያቆመው ኖሮ፣ እኔና የእህቴ ልጅም ስለ ጉብታው የምንነጋገርበት ፋታ አይኖረንም ነበር።

ብዙ ከተማ ወይስ ጥቂት?

ተጫዋቾች በተገናኙበት ሁሉ የሚነሣ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልሞተ አንድ ክርክር አለ። ብዙ ትንንሽ ከተሞችን በየቦታው መቆርቆር ይሻላል ወይስ ጥቂቶቹን ኮትኩቶ ማሳደግ? በእኛ አባባል፣ መስፋት ወይስ መርዘም?

በመጀመሪያዎቹ እትሞች መልሱ ወደ መስፋት ያጋደለ ነበር። አዲስ ከተማ የሚያስከፍለው ትንሽ፣ የሚሰጠው ብዙ ስለነበር፣ ጎበዝ ተጫዋች አገሩን በከተማ ይሞላዋል፤ ከተሞቹን አጠጋግቶ፣ ክፍት ቦታ ሳይተው። ይህ ስልት ያሸንፋል፤ ግን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጨዋታ እንዲጫወት ያደርጋል። መልሱ ከታወቀ ውይይት የለም።

ስለዚህ የጨዋታው ሠሪዎች በየእትሙ የመስፋትን ዋጋ እየለወጡ ክርክሩን ሕያው አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ሦስተኛው እትም ከዋና ከተማው የራቀ ከተማ ፍሬው ከቀድሞው በባሰ ሁኔታ በሙስና ይበላ ጀመር። በ2005 የወጣው፣ ሶረን ጆንሰን የመራው አራተኛው እትም ለእያንዳንዱ ከተማ የማስተዳደሪያ ወጪ አመጣ፤ ቸኩሎ የሰፋ ሰው ካዝናው ይራቆታል። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚለው ተረት በዚህ እትም በቁጥር ይታያል።

በ2010 የወጣው አምስተኛው እትም ደግሞ ሚዛኑን ወደ መርዘም ጎትቶት ነበር። የሕዝቡ ደስታ ለመላው አገር አንድ ቋት ሆነ፤ እያንዳንዱ አዲስ ከተማ ከዚያ ቋት 3 ይቀንሳል፣ እያንዳንዱ ዜጋ 1። በ2013 በወጣው ማሟያ ላይ፣ በመደበኛ ካርታ፣ አንድ ከተማ በተጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ዕውቀት ዋጋ በ5 በመቶ እንዲጨምር ተደረገ። በሌላ በኩል “ትውፊት” የተባለው የፖሊሲ መስመር ለመጀመሪያዎቹ አራት ከተሞች ሕንፃዎችን በነፃ ይሰጣል። ተጫዋቾች ይህን ሁሉ ደምረው ቀንሰው “አራት ከተማ ይበቃል” የሚል የተለመደ ምክር ላይ ደረሱ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በኤድ ቢች መሪነት የተሠራው ስድስተኛው እትም መጣና ምክሩን ገለበጠው። እዚህ ከተማ ሲጨመር ዕውቀት አይወደድም። ከተማው ደግሞ ወረዳዎችን ይሠራል፤ ለትምህርት አንድ፣ ለንግድ አንድ፣ ለእምነት አንድ። የመጀመሪያውን ወረዳ በ1 ሕዝብ፣ ሁለተኛውን በ4፣ ሦስተኛውን በ7 ማግኘት ይቻላል። አሁን እናስላ። 10 ሕዝብ ያለው አንድ ከተማ 4 ወረዳ ይኖረዋል፤ ከአንድ ዓይነት ወረዳ ደግሞ በአንድ ከተማ አንድ ብቻ ስለሚፈቀድ፣ የትምህርት ወረዳው አንድ ነው። ያው 10 ሕዝብ በአምስት ከተሞች ሁለት ሁለት ሆኖ ቢሰፍር 5 ወረዳ ይሆናል፤ አምስቱም የትምህርት ሊሆኑ ይችላሉ። በአምስተኛው እትም ያደገ ተጫዋች የድሮ ምክሩን ይዞ ወደ ስድስተኛው ሲገባ የሚሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው። ምክሩ ያኔ እውነት ነበር፤ አሁን ግን የቆመበት ስሌት ከሥሩ ተነሥቷል።

ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። “አራት ከተማ ይበቃል” የሚለውን ብቻ የያዘ ሰው፣ ደንቡ ሲለወጥ ባዶ እጁን ይቀራል። “አራት ከተማ ይበቃል፤ ምክንያቱም አምስተኛው ዕውቀትን በ5 በመቶ ያስወድዳል” የሚለውን የያዘ ሰው ግን፣ አምስት በመቶው የተነሣ ቀን ሳይነግሩት ይነቃል።

ዛፉን እንቁረጠው?

ኢትዮጵያ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ተካትታለች። በአራተኛው እትም ማሟያ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ በአምስተኛው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ በስድስተኛው ደግሞ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2020 ጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ትመራለች። በሰባተኛው እትም ከጥንቱ ዘመን ሕዝቦች መካከል አክሱም አለች።

በስድስተኛው እትም ምኒልክን የመረጠ ተጫዋች የጉብታው ጥያቄ እጥፍ ይሆንበታል። ኮረብታ ላይ የተቆረቆሩ የኢትዮጵያ ከተሞች ከሚያፈሩት እምነት 15 በመቶውን ያህል ተጨማሪ ሳይንስና ባህል ያገኛሉ። ወታደሮቿ ኮረብታ ላይ ሲዋጉ 4 የውጊያ ነጥብ ይጨመርላቸዋል። ከዓለት የሚፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በዙሪያው ባሉት ተራሮችና ኮረብታዎች ቁጥር እምነት ይሰጣል። ተጫዋቾች ስለ ምኒልክ ሲመካከሩ መጀመሪያ የሚጠያየቁት “ኮረብታው ስንት ነው?” ብለው ነው።

እውነተኛው ምኒልክ ግን ከኮረብታ ወርደዋል። ከተማቸው በመጀመሪያ እንጦጦ አናት ላይ ነበር። ቦታው ለመከላከል የተመቸ፣ አገሩን ቁልቁል የሚያሳይ ነው፤ ግን ብርዱ ከባድ፣ ማገዶውም የሚያስቸግር ነበር። ከታች ፍልውኃ አለ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. እዚያ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ተከትለው ወረዱ። በጨዋታ ቋንቋ ብንናገረው፣ የኮረብታውን መከላከያ ሰጥተው ውኃና ምቾት ገዙ። ሁለቱን ዋጋዎች አስተያይተው የወሰኑት ውሳኔ ነው።

የተከተለው ችግር ደግሞ ተጫዋቾች ዘወትር ከሚከራከሩበት ሌላ ጥያቄ ጋር አንድ ነው። በጨዋታው ደን ያለበት ቤት በየተራው 1 ተጨማሪ ምርት ይሰጣል። ሠራተኛ ልከን ከቆረጥነው፣ በጨዋታው መጀመሪያ ላይ 20 ያህል ምርት በአንድ ጊዜ እናገኛለን፤ ይህም የመጀመሪያው ሰፋሪ ዋጋ ሩብ ነው። እንቁረጠው ወይስ እንተወው? በደረቁ ሲሰላ፣ የተቆረጠ ደን ከ20 ተራ በኋላ ኪሳራ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ምርት ሰፋሪ ቀድሞ ከወጣ፣ አዲሱ ከተማ በእነዚያ 20 ተራዎች ውስጥ የራሱን ፍሬ ይሰጣል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚሉት፣ ቀድሞ የተቆረጠ ደን ፍሬ ለሚያፈራ ነገር ከዋለ ያተርፋል፤ ለማያፈራ ነገር ከዋለ ያከስራል ነው።

አዲስ አበባ ደኗን ቆርጣ ነበር ያደገችው። ለማገዶና ለቤት የሚሆነው እንጨት በዙሪያዋ እየተመናመነ ሄደ። ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብና ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። መዲናዋን ከመነቀል ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦም ያቆጠቁጣል። በጨዋታው አነጋገር፣ ሁለቱም ምርጫዎች የሚያስከፍሉት ዋጋ ሲከብድ ሦስተኛ ምርጫ ተገኘ። ጥሩ ምክክርም ብዙ ጊዜ የሚደርስበት ቦታ ይህ ነው፤ ሁለት ሰዎች የየምርጫውን ዋጋ በትክክል ሲጽፉ፣ ከሁለቱም የሚሻል መንገድ እንደሚያስፈልግ ይታያቸዋል።

ቅብብሎሽ

በዚህ ጨዋታ ወዳጆች ዘንድ የቆየ አንድ የሚያምር ልማድ አለ። አንድ ጨዋታ በቅብብሎሽ ይጫወታሉ። የመጀመሪያው ሰው 10 ወይም 20 ተራ ይጫወትና ጨዋታውን አስቀምጦ ፋይሉን ለቀጣዩ ይልካል። ከፋይሉ ጋር ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል፦ ምን እንዳደረገ፣ ለምን እንዳደረገው፣ ምን እንደሚያሰጋው። ቀጣዩ ሰው ያንን አንብቦ ይቀጥላል። ሌሎች ደግሞ አንድን ሕዝብ እንደ መንግሥት በጋራ ይመራሉ፤ ሹማምንት ይመርጣሉ፣ ለእያንዳንዱ ትልቅ ውሳኔ ድምፅ ይሰጣሉ።

ብቻውን የሚጫወት ሰው ምክንያቱን ሳይናገር ሊያሸንፍ ይችላል። በቅብብሎሽ ግን አይሆንም። ቀጣዩ ሰው ጦሩ ለምን ድንበር ላይ እንደቆመ ካላወቀ ወደ መሐል አገር ይመልሰዋል፤ የቀደመው ሰው የ15 ተራ ዝግጅት በአንድ ጠቅታ ይበተናል። ስለዚህ ጽሑፉ እቅዱን፣ የተከፈለውን ዋጋና ፍሬው የሚጠበቅበትን ተራ መያዝ አለበት። “ግንባታውን አትተዉት፤ 6 ተራ ቀርቶታል” የሚል አንድ መስመር የሦስት ሰው ድካም ያድናል። ምክንያትን ለሌላ ሰው በሚገባ መንገድ መጻፍ የለመደ ሰው፣ ብቻውን ሲጫወትም አሳቡ የጠራ ይሆናል። “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ” እንደሚባለው፣ ልኬቱ ቀድሞ የተጻፈ ውሳኔ ኋላ አያስቆጭም።

ያን ቅዳሜ ጉብታው ላይ ቆረቆርን። ሰፋሪው ወረቀቱ እንዳለው በ20ኛው ተራ አልወጣም፤ በ18ኛው ወጣ። የእህቴ ልጅ በመቅደሙ ደስ ከማለት ይልቅ ግራ ተጋባ። ወደ ወረቀቱ ተመለሰ፣ ከላይ ጀምሮ ደመረ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ።

“ሁለተኛው ዜጋ! እሱም ሲሠራ ነበር፤ አልቆጠርነውም።”

ያልቆጠርነውን ዜጋ በወረቀቱ ግርጌ ጻፈው። ሜዳው ላይ ብንሆንም ይኸው ዜጋ እንደሚኖረን አስታወስኩት። በላሞቹ ምክንያት እንዲያውም ቀድሞ ሊወለድ ይችል ነበር። ስለዚህ የሁለቱን ቦታዎች ልዩነት እንደገና አሰላነው። ከሁለት ተራ ትንሽ አነሰ፤ ጉብታው ግን አሁንም ቀደመ። ተሳስተንም ነበር፣ ልክም ነበርን፤ የት ላይ እንደተሳሳትን ደግሞ አወቅነው።

ትንሽ ቆይተን አዲሱ ሰፋሪያችን ወንዙን ተከትሎ ሲወርድ፣ ከከተማችን አጠገብ ያለውን ደን አየሁት።

“ይሄን ደን ብንቆርጠው ይሻላል” አልኩ።

እስክሪብቶውን አንሥቶ ዘረጋልኝ።

“ስንት ተራ፣ ጋሼ?”